አዝመራው ካለቀ በኋላ የቀረው ዘፈን፦ የባርባዶስ ክሮፕ ኦቨር በዓል ዳግም አነሣሥ

ጉዳዩ ምንድን ነው

ባርባዶስ በካሪቢያን ደሴቶች ምሥራቃዊ ጫፍ የምትገኝ፣ ስፋቷ 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ትንሽ ደሴት ናት። በየዓመቱ ኦገስት በገባ በመጀመሪያው ሰኞ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 25 እስከ ነሐሴ 1 ባለው ሳምንት፣ ሥራ ተዘግቶ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ መንገድ ላይ ወጥቶ እየዘፈነና እየጨፈረ ይውላል። ቀኑ ካዱመንት ይባላል፤ በደሴቲቱ አነጋገር ትልቅ ሆይ ሆይታ እንደማለት ነው። ካዱመንት ግን ሳምንታት የሚዘልቅ በዓል መዝጊያ እንጂ በዓሉ ራሱ አይደለም። በዓሉ ክሮፕ ኦቨር ይባላል፤ ትርጉሙ «አዝመራው አለቀ» ማለት ነው። አዝመራውም የሸንኮራ አገዳ ነው።

ይህን ጉዳይ ለመመዝገብ የተነሣሁት በዓሉ አንድ ጊዜ ሞቶ በ1974 በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውሳኔ ዳግም የተነሣ በመሆኑ ነው። በቢሮ ውሳኔ የሚታደስ በዓል አብዛኛውን ጊዜ ለእንግዳ የሚታይ ትርኢት ሆኖ ይቀራል፤ ሕዝቡ የራሱ አድርጎ አይዘውም። ይህኛው ግን ተይዟል፤ ከሃምሳ ዓመት በላይም ዘልቋል። በሌላ በኩል የተነሣበትን ነገር፣ ማለትም የአገዳውን ሥራና የሠራተኛውን ታሪክ፣ በመንገድ ላይ ብዙ አንጠባጥቧል። ሁለቱም እውነት ስለሆኑ ጉዳዩ ባህልን ለማደስ ለሚደክም ሰው ሁሉ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። በሕይወት ያሉ ሰዎችን ስም አልጠራም፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዳራ፦ በዓሉ ከየት መጣ

እንግሊዞች ባርባዶስ ላይ የሰፈሩት በ1627 ነው። በ1640ዎቹ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ሲስፋፋ ጫካው ተመነጠረ፤ መሬቱ በጥቂት ባለርስቶች እጅ ገባ፤ ለጉልበቱም ከአፍሪካ ሰዎች በባርነት እየተጫኑ መጡ። በ1661 የወጣው የደሴቲቱ የባርነት ሕግ እነዚህን ሰዎች ከሰው ይልቅ እንደ ንብረት የቆጠረ ሲሆን፣ በኋላ ለሌሎች የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች አርአያ ሆኗል። በ1688 የወጣው ሕግ ደግሞ ከበሮና ቀንደ መለከትን ከለከለ፤ ጌቶቹ የከበሮ ድምፅ ከእርሻ እርሻ መልእክት ያስተላልፋል ብለው ይፈሩ ነበር። እንደ ጃማይካ ሸሽተው የሚሸሸጉበት ሰንሰለታማ ተራራ ባርባዶስ ውስጥ አልነበረም። ከዳር እስከ ዳር አገዳ ነበር።

የአገዳ ሥራ ወቅት አለው። ቆረጣው በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ይጀመርና እስከ ሜይ ወይም እስከ ጁን ይዘልቃል። የተቆረጠ አገዳ ቶሎ ካልተጨመቀ ጭማቂው ይበላሻል፤ ስለዚህ በእነዚህ ወራት ቆራጩ፣ ጫኙ፣ የነፋስ ወፍጮውን የሚያጎርሰውና በማፍያው ቤት የፈላውን ጭማቂ ከጋን ወደ ጋን የሚገለብጠው ሰው እረፍት አልነበራቸውም። እጁ ከአገዳው ጋር ወደ ወፍጮው የገባበት ሰው ክንዱን እንዳያጣ ሳይሆን ነፍሱን እንዳያጣ፣ ክንዱን የሚቆርጡበት መጥረቢያ አጠገብ ይቀመጥ ነበር። የመጨረሻው አገዳ ወደ ወፍጮው ግቢ ሲገባ የተሰማውን እፎይታ መገመት የሚቻለው ይህን ሲያስቡ ነው።

የበዓሉን አጀማመር ብዙዎች ወደ 17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ይወስዱታል። ከጽሑፍ ማስረጃዎች መካከል የታወቀው የ1798 ነው፤ በደሴቲቱ ደቡብ የሚገኘው የኒውተን እርሻ ሥራ አስኪያጅ አዝመራው ሲያልቅ በባርነት ለተያዙት ሠራተኞች እራትና ጭፈራ ማዘጋጀቱን ጽፏል። ድግሱ የጌታው ነበር ማለት ነው። ምግቡን፣ ከአገዳ የሚወጣውን አረቄ ሩሙንና የቀኑን እረፍት የሰጠው፣ ቀኑ ሲያልፍም የሚመልሰው ጌታው ነው።

ባርነት በሕግ ያበቃው ኦገስት 1 ቀን 1834 ነው፤ እስከ 1838 ግን «ሥራ መማር» በሚል ስም የግዴታ ሥራው ቀጠለ። የእንግሊዝ መንግሥት በቅኝ ግዛቶቹ ሁሉ ለነበሩ ባለባሮች 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ሲከፍል ነጻ ለወጡት ሰዎች አንዲት ሳንቲም አልሰጠም። በባርባዶስ የሚያርሱት መሬት ስላልነበራቸው አብዛኞቹ እዚያው እርሻ ላይ ጭሰኛ ሆነው ቀሩ፤ ቤታቸውንም ከእርሻው ሲባረሩ ነቅለው በጋሪ እንዲወስዱት ከእንጨት ገጣጥመው፣ በድንጋይ ላይ ብቻ አስቀምጠው ይሠሩት ነበር። እንደዚህ ያለ ቤት ዛሬም በደሴቲቱ ይታያል፤ የበዓሉን ታሪክ ከማንኛውም ትርኢት ይልቅ የሚናገር ይመስለኛል።

በዓሉ ሙሉ መልኩን የያዘው በዚህ የጭሰኝነት ዘመን ነው። የመጨረሻዎቹ ጋሪዎች በአበባና በቀለማት ባሸበረቁ ጨርቆች ተሸልመው ወደ ግቢው ይገባሉ፤ የሚጎትቷቸው ከብቶችም እንዲሁ ይሸለማሉ፤ ነጭ የለበሰች ሴት ሰልፉን ትመራለች። ከሠራተኞቹ አንዱ ለባለርስቱ ንግግር ያደርጋል፤ ባለርስቱም ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ቅባት የተቀባ ምሰሶ መውጣት፣ ቅባት የተቀባ አሳማ አሳድዶ መያዝ፣ የዱላ ፍልሚያና ጭፈራ ይከተላል። ሙዚቃው ተክ የሚባለው ነው፦ አንድ ትልቅ ከበሮ፣ አንድ ታምቡር፣ አንድ የቆርቆሮ ዋሽንትና አንድ ሦስት ማዕዘን ብረት። የእንግሊዝ ጦር ሰልፍ ሙዚቃ ይመስላል፤ በዝግታ ይጀምራል፣ ወደ ሰልፍ ምት ይገባል፣ በመጨረሻ ግን ፍጥነቱ ሲጨምር ከሥሩ የአፍሪካ ምት ይወጣል። ሕግ ከበሮን ሲከለክል ሕዝቡ ከበሮውን በወታደር ልብስ ሸፍኖ አሳለፈው ማለት ይቻላል።

በመጨረሻው ጋሪ ላይ ሚስተር ሃርዲንግ ይቀመጣል። ሚስተር ሃርዲንግ አሮጌ ኮት፣ ሱሪና ረጅም ባርኔጣ ውስጥ የአገዳ ገለባ ተጠቅጥቆ የሚሠራ ምስለ ሰው ነው። አንዳንዶች ጨካኙን የሥራ አለቃ ይወክላል ይላሉ፤ ሌሎች ከአዝመራው በኋላ የሚመጣውን ክፉ ጊዜ ነው ይላሉ። ሁለቱም ስሜት ይሰጣሉ፤ አዝመራው አለቀ ማለት ለሠራተኛው ድካሙ ብቻ ሳይሆን ደመወዙም አለቀ ማለት ነበርና። እስከሚቀጥለው ጃንዋሪ ሥራ ይጠፋል። ደስታው ውስጥ ይህ ስጋት ስለነበር ገለባውን ሰውዬ ያቃጥሉት ነበር።

ችግሩ

በዓሉ በ1940ዎቹ ጠፋ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነትና የስኳር ገበያው መዳከም በምክንያትነት ይነሣሉ። እኔ በዚህ ላይ የ1937ቱን ዓመፅ እጨምራለሁ። በዚያ ዓመት ጁላይ ላይ ሠራተኛውን የሚያደራጅ አንድ ሰው ከደሴቲቱ በመባረሩ ሕዝቡ ተነሣ፤ 14 ሰዎች ተገደሉ፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም የፖለቲካ ፓርቲና የሠራተኛ ማኅበር ተመሠረቱ። ደመወዙን ተደራድሮ የሚያገኝ ሠራተኛ በጌታው ግቢ የጌታውን ሩም ጠጥቶ የሚያመሰግንበት ቀን አያምረውም። በዓሉን ያቆመው ችግር ብቻ ነበር የሚለውን ለመቀበል የማልቸኩለው ለዚህ ነው።

ባርባዶስ በ1966 ነጻ ስትወጣ ስኳሩ ገና ጠንካራ ነበር፤ በ1967 ከ200 ሺህ ቶን በላይ ተመርቷል። ከዚያ ወዲህ ግን ቁልቁል ሄደ፤ ቦታውን ቱሪዝም ያዘ። ቱሪስቱ ደግሞ አገሩ ሲበርድ፣ ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል፣ ይመጣል። በጁላይና በኦገስት ሆቴሉ ይቀዘቅዛል። በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲንር ጭንቀቱ ባሰ። የቱሪዝም ቦርዱ ፊት የነበረው ጥያቄ እንግዲህ ግልጽ ነበር፦ በእነዚህ ወራት ሰው የሚያመጣ ምን አለን?

ከዚህ ጥያቄ በስተጀርባ ሌላ ከባድ ጥያቄ ነበር። ከእርሻው የወጣ በዓል የእርሻውን ቁስል ይዞ ይመጣል። ባርነትንና ጭሰኝነትን ያየ ቤተሰብ ልጅ «የሸንኮራ በዓል እናክብር» ሲባል ምን ይሰማዋል? ባለርስቱ ባለበት ግቢ፣ የሠራተኛ ንጉሥና ንግሥት ተመርጠው ሲሸለሙ፣ ይህ ክብር ነው ወይስ የድሮውን ደጅ ጥናት መድገም?

የተወሰዱ እርምጃዎች

በ1974 የቱሪዝም ቦርዱ ከጥቂት የሙዚቃ፣ የቴአትርና የባህል ሰዎች ጋር ሆኖ በዓሉን አነሣው። ከድሮው የተወሰዱ ነበሩ፦ የመጨረሻው አገዳ ርክክብ፣ ጋሪዎች፣ የተክ ሙዚቃ፣ ሚስተር ሃርዲንግ፣ ብዙ አገዳ ለቆረጡ አንድ ወንድና አንዲት ሴት የሚሰጠው የአዝመራ ንጉሥና ንግሥት ማዕረግ። ከጎረቤት የተወሰዱም ነበሩ፤ ከትሪኒዳድ ካርኒቫል ካሊፕሶ የተባለው የሽሙጥ ዘፈን ውድድርና በቡድን ለብሶ ሰልፍ የመውጣት ልማድ መጡ። በ1978 የመጀመሪያው ግራንድ ካዱመንት ተደረገ። በ1983 ብሔራዊ የባህል ፋውንዴሽን በሕግ ተቋቋመና የበዓሉ አስተዳደር ከቱሪዝም እጅ ወደ ባህል እጅ ተሸጋገረ።

ይህ የመጨረሻው እርምጃ ከሁሉ የሚያንስ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ከሁሉ ይበልጣል። ቱሪዝም ቦርድ «ስንት እንግዳ መጣ» ብሎ ይጠይቃል፤ የባህል ተቋም «ስንት ሰው ዘፈነ፣ ስንት ልጅ ከበሮ ተማረ» ብሎ የመጠየቅ ግዴታ አለበት። በተግባርም የልጆች ካዱመንት፣ የሥዕልና የዕደ ጥበብ ትርኢት እንዲሁም የታዳጊዎች ካሊፕሶ ውድድር በዓሉን ከሆቴል ደጃፍ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ መንደር ወስደውታል።

የሠራው

የበዓሉን ሕይወት ያዳነው ካሊፕሶ ነው። ካሊፕሶ ድንኳን የሚባለው ዛሬ ድንኳን አይደለም፤ በአዳራሽ የሚሰበሰብ የዘፋኞች ቡድን ነው። በወቅቱ ድንኳኖቹ ተራ በተራ ያቀርባሉ፤ ዳኞች እየዞሩ ያዳምጣሉ፤ የተመረጡት ፒክ ኦ ዲ ክሮፕ በተባለው ውድድር ለንግሥና ይፋለማሉ። ዘፋኙ ስለ ዋጋ ንረት፣ ስለ ሚኒስትር፣ ስለ ፖሊስ፣ ስለ ጎረቤት ሐሜት ይዘፍናል። አብዛኛው ግጥም ሁለት ፍቺ አለው፤ የላዩን እንግዳው ይስቅበታል፤ የታቹን የአገሩ ሰው ይሰማዋል። ሰምና ወርቅን ለሚያውቅ አንባቢ ይህን ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም፤ አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው የካሊፕሶ ድንኳን አይከብደውም።

አንድ ምሳሌ በቅርበት እንይ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የቱሪዝም ቦርዱ ሊቀመንበር ሆቴሎች የባሕር ዳርቻቸውን የራሳቸው ቢያደርጉ የሚል አሳብ አንሥተው ነበር። በባርባዶስ የባሕር ዳርቻው የሕዝብ ነው፤ ዓሣ አጥማጁም፣ እሑድ ከልጆቹ ጋር የሚታጠበውም፣ ኮኮናት የሚሸጠውም እዚያው ነው። በ1982 አንድ የታወቀ ካሊፕሶ ዘፋኝ በሊቀመንበሩ የመጠሪያ ስም ዘፈን አወጣና ዳርቻው የእኔ ነው አለ። ደሴቲቱ በሙሉ ዘፈነችው። ልብ ይባል፦ በዓሉን ያነሣው ቱሪዝም ቦርዱ ነው፤ በስምንት ዓመቱ ያው በዓል የቦርዱን ሊቀመንበር የሚሞግት መድረክ ሆነ። በዓሉ የሕዝቡ የሆነው በዚያን ጊዜ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ሰው የራሱ ባልሆነ ቤት ውስጥ ባለቤቱን አይሞግትም።

የገንዘቡ ዓላማም ተሳክቷል። በኒው ዮርክ፣ በቶሮንቶና በለንደን የሚኖሩ የደሴቲቱ ልጆች በበዓሉ ሰሞን አገራቸው ይገባሉ፤ ቤተሰብ ቤት ቢያርፉም ትኬት፣ ልብስ፣ ምግብና መኪና ይከፍላሉ። አዘጋጆቹ ያሰቡት የውጭ እንግዳን ነበር፤ ጸንቶ የሚመላለሰው ግን ዲያስፖራው ሆነ። በዓለም የታወቀች አንዲት የደሴቲቱ ተወላጅ ዘፋኝ ለካዱመንት ለብሳ መውጣቷ ደግሞ የበዓሉን ስም ከካሪቢያን አልፎ እንዲሰማ አድርጓል።

ያልሠራው

የአዝመራ ንጉሥና ንግሥት ሥርዓት በጊዜ ተሸረሸረ። ማሽን ቆራጩን ሲተካ፣ እርሻውም ሲጠብ፣ የሚሸለም ሰው ጠፋ። በ1974 ሥርዓቱ ገና እውነተኛ ቆራጮችን ያከብር ነበር፤ ዛሬ በደሴቲቱ የሚሠራው ፋብሪካ ፖርትቬል ብቻ ሲሆን፣ የዓመቱ ምርትም ከ10 ሺህ ቶን በታች ወርዷል። የመጨረሻው አገዳ ርክክብ ይደረጋል፤ ነገር ግን የሚረከበው አገዳ ምሳሌ እንጂ ሕይወት አይደለም። አዘጋጆቹን በዚህ አልወቅስም። ሥራው የሞተን የሥራ በዓል በጋሪና በአበባ ብቻ ማቆየት አይቻልም። የምወቅሰው ሌላ ነገር ነው፤ ቆራጮቹ በሕይወት ሳሉ የሥራ ዘፈኖቻቸው፣ የቢላ አያያዛቸውና የሠሩበት እርሻ ስም በበዓሉ ውስጥ ቦታ ማግኘት ነበረበት፤ ማዕረጉ ተሰጠ፣ ድምፃቸው ግን በብዛት መድረክ ላይ አልወጣም።

የካዱመንት ልብስም ተቀይሯል። ቀድሞ ቡድኑ አንድ ታሪክ ይመርጥና እያንዳንዱ ክፍል የታሪኩን ምዕራፍ ለብሶ ይወጣ ነበር፤ ልብሱም እዚያው ሰፈር ይሰፋ ነበር። ዛሬ የሚታየው አብዛኛው ላባና ጌጥ ያለው የዋና ልብስ ሲሆን፣ ትሪኒዳድ ወይም ማያሚ ካለው ለመለየት ይከብዳል። በዚህ ላይ የደሴቲቱ ሰዎች ራሳቸው ይከራከራሉ። ወጣቱ ደስታዬ ይህ ነው ይላል፤ ይገባኛልም፤ ሰውነታቸው የሌላ ሰው ንብረት ተብሎ በሕግ የተጻፈባቸው ሰዎች የልጅ ልጆች በራሳቸው ሰውነት መንገድ ላይ ቢደሰቱ ነውር አይደለም። ግን ልብስ ሰፊዋ ሥራዋን ካጣችና ታሪኩ ከልብሱ ከወጣ አንድ ነገር ጎድሏል። ሶካ የተባለው ፈጣን የጭፈራ ሙዚቃ ካሊፕሶውን መጫኑም ተመሳሳይ ነው፤ እጅ ወደ ላይ የሚያስነሣ ዘፈን በርክቷል፣ ተቀምጠው የሚያዳምጡበት ድንኳን ሳስቷል።

በ2020 እና በ2021 በወረርሽኙ ምክንያት የአደባባዩ በዓል አልተደረገም። ያኔ ልብስ ሰፊው፣ ድምፅ መሣሪያ አከራዩና መንገድ ዳር ምግብ ሻጩ ዓመታዊ ገቢያቸው በሁለት ወር ላይ መንጠልጠሉ ተገለጠ። ሚስተር ሃርዲንግ ይህንኑ ነበር የሚወክለው፤ ከአገዳው ወቅት ወደ በዓሉ ወቅት ተዛወረ እንጂ ክፉው ጊዜ ራሱ አልሄደም።

ለሌላ ቦታ የሚሻገር ትምህርት

ከሁሉ በፊት የምጠቅሰው የአስተዳደሩን ሽግግር ነው። በዓልን ለቱሪስት ብሎ ማንሣት ነውር አይደለም፤ ገንዘብ የሌለው በዓል አይቆምም። ነገር ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ አስተዳደሩ ሥራው ባህል ወደሆነ አካል ካልተሻገረ መለኪያው የሆቴል አልጋ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ባርባዶስ ይህን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አድርጋለች።

ሁለተኛው ነጻ ቃል ነው። በበዓል ዕለት ባለሥልጣንን መሞገት የማይቻል ከሆነ ሰው የሚመጣው ለመብልና ለመጠጥ ነው፤ እነርሱ ደግሞ ሌላም ቦታ ይገኛሉ። አዘጋጅ ነኝ የሚል ሰው ገና ሲጀምር ራሱን የሚነካ ዘፈን እንደሚመጣ አውቆ መድረኩን ማዘጋጀት አለበት።

የዘመን መቁጠሪያውንም ማየት ይጠቅማል። ባርባዶስ ከኤፕሪል 14 እስከ ኦገስት 23 ያለውን ጊዜ የነጻነት ወቅት ብላ ሰይማለች። ኤፕሪል 14 በ1816 ቡሳ የተባለው ሰው የመራው የባሮች ዓመፅ የፈነዳበት ቀን ነው፤ ጁላይ 26 የ1937ቱን ዓመፅ ያስታውሳል፤ ኦገስት 1 ባርነት በሕግ ያበቃበት ነው። ክሮፕ ኦቨር እንግዲህ ከእነዚህ ቀናት ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። ጭፈራውን ለመግታት ሳይሞከር፣ ለሚፈልግ ሰው መንገዱ ክፍት ሆኗል፤ ጠዋት ለነጻነት መታሰቢያ የእግር ጉዞ የወጣ ሰው በሳምንቱ ካዱመንት ላይ ሊገኝ ይችላል። መታሰቢያን በጭፈራ ውስጥ በግድ ከመክተት ይህ የሚሻል ይመስለኛል፤ ሁለቱ ግን እየተያዩ መሄድ አለባቸው፤ እዚህ ላይ ገና ይቀራል።

ያልኩትን በአንድ ቦታ ላሳይ። በ1798 ሥራ አስኪያጁ እራትና ጭፈራ አዘጋጀሁ ብሎ በጻፈበት በኒውተን እርሻ፣ በባርነት የኖሩ 570 ገደማ ሰዎች የተቀበሩበት ሜዳ አለ። የጥንት ቅርስ ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ ቆፍረው አጥንተውታል፤ ከእነዚያ የ1798 እራት ተጋባዦች አንዳንዶቹ እዚያው ሳይቀበሩ አልቀሩም። የስም ድንጋይ የላቸውም፤ ሣር ነው። በ2021 መንግሥት በሥፍራው መታሰቢያ እንደሚሠራ አስታውቋል። የመጨረሻው አገዳ ርክክብ ሥርዓት በየዓመቱ ወደዚህ ሜዳ ቢመጣ፣ የተክ ሙዚቃ ቡድኑ በዝግተኛው ምት እየመራ የመጨረሻውን ነዶ ለባለርስት ሳይሆን ለእነዚህ ሰዎች ቢያስረክብ፣ አዲስ በጀት አያስፈልገውም፤ መንገዱን ብቻ መቀየር ይበቃል።